የክረምቱን ዝናብ ለበጋው ጓሮ፦ በርሜል፣ ሮቶ፣ የመሬት ውስጥ ጉድጓድ ወይስ አፈሩ ራሱ?

አዲስ አበባ ውስጥ ትንሽ ጓሮ ያለው ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነገር ነው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ግቢው በውሃ ይጥለቀለቃል። ጎርፉ በበሩ ሥር ወጥቶ መንገዱን ይዞ ይወርዳል። ኅዳር ሲገባ ያው ግቢ ይደርቃል፣ ጎመኑ ይጠወልጋል። የቧንቧ ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ ደግሞ ለሰው እንጂ ለቆስጣ አይተርፍም።

ስለዚህ ብዙ ሰው የዝናብ ውሃ ማጠራቀም ያስባል። ጥያቄውም ሁልጊዜ አንድ ነው፤ በርሜል ይሻላል ሮቶ? ወይስ መሬት ቆፍሮ መሥራት? የሚሰጠው መልስ ብዙውን ጊዜ «እንደ አቅምህ ነው» የሚል ነው። እኔ በዚህ አልስማማም። ገንዘብ ወሳኝ ቢሆንም ከሱ በፊት የሚመጣ ጥያቄ አለ። በእናንተ አካባቢ ዝናብ ሳይጥል ስንት ቀን ይቆያል? በእነዚያ ቀናትስ ስንት መደብ ማጠጣት ትፈልጋላችሁ? ማጠራቀሚያ የሚመረጠው ጓሮውን ስንት ደረቅ ቀን ያሻግራል በሚለው ነው። ይህን ሳያስቡ የገዙት ዕቃ ወይ ጥቅምት ሳያልቅ ባዶውን ይቀራል፣ ወይ ደግሞ ለማያስፈልግ ትልቅነት ገንዘብ ይበላል።

መጀመሪያ ሒሳቡ

ሒሳቡ ቀላል ነው። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ 1 ካሬ ሜትር ላይ ሲያርፍ 1 ሊትር ውሃ ይሆናል። ከቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ከወረደው ውስጥ 80 በመቶ ያህሉ አሸንዳው ውስጥ ይገባል ብሎ ማሰብ ይቻላል። የቀረው ይረጫል፣ ይተናል፣ በዳር ያመልጣል። ጣሪያው ሲለካ የተዳፋቱን ቆርቆሮ ርዝመት ሳይሆን ከሥሩ የሸፈነውን የመሬት ስፋት ነው መውሰድ።

አዲስ አበባ በዓመት ከ1,100 እስከ 1,200 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች። ሐምሌ ብቻውን 250 ሚሊ ሜትር አካባቢ ይደርሳል። 60 ካሬ ሜትር የሚሸፍን ጣሪያ ያለው ቤት በዚያ በአንድ ወር ውስጥ 12,000 ሊትር ያወርዳል። በ20 ሊትር ጀሪካን ቢቀዳ 600 ጀሪካን ማለት ነው። 25 ሚሊ ሜትር የሚጥል አንድ ኃይለኛ የከሰዓት ዝናብ ብቻ 1,200 ሊትር ይሰጣል።

እንግዲህ ከተማችን ውስጥ ችግሩ የጣሪያ ማነስ አይደለም። ውሃው የሚመጣው ጓሮው በማይፈልገው ጊዜ መሆኑ ነው።

አሁን ደግሞ ወደ ፍጆታው። በበጋ አንድ ካሬ ሜትር ጎመን፣ ቆስጣ ወይም ሰላጣ በአዲስ አበባ አየር በቀን ከ4 እስከ 5 ሊትር ይጠጣል። መደቡ ላዩ በደረቀ ሣር ወይም በጭድ ተሸፍኖ በደንብ ከተጎዘጎዘ 3 ሊትር አካባቢ ይበቃዋል። እያንዳንዳቸው 1 ሜትር በ5 ሜትር የሆኑ ሁለት መደቦች አሉን እንበል፤ በድምሩ 10 ካሬ። ከጥቅምት መጀመሪያ እስከ የካቲት መጨረሻ 150 ቀን ነው። ያልተጎዘጎዘው መደብ በቀን 5 ሊትር ሒሳብ 7,500 ሊትር ይፈልጋል። የተጎዘጎዘው 4,500 ይበቃዋል። በመካከላቸው ያለው ልዩነት አንድ ባለ 3,000 ሊትር ሮቶ ነው! ይህን ቁጥር ያዙት፤ ወደ ታች እንመለስበታለን።

ከአዲስ አበባ ውጭ ላላችሁ ቀመሩ ያው ነው፣ ቁጥሩ ግን ይለያል። መቀሌ በዓመት የምታገኘው የአዲስ አበባን ግማሽ ገደማ ነው። እሱም አብዛኛው ሐምሌና ነሐሴ ላይ ተጠቃሎ ይወርዳል። ደረቁ ጊዜ ስለሚረዝም እዚያ ትልቅ ማጠራቀሚያ የግድ ነው። ሐዋሳና ወላይታ ሶዶ አካባቢ ዝናቡ ከበልግ ጀምሮ በብዙ ወራት ተከፋፍሎ ስለሚመጣ ማጠራቀሚያው በዓመት ደጋግሞ ይሞላል፤ አነስ ያለው ይበቃል። ድሬዳዋ ደግሞ ሙቀቱ የውሃ ፍጆታውን ከፍ ያደርገዋል። እዚያ ለካሬ 5 ሊትር ብሎ ማስላት ያሳንሳል።

በርሜል

200 ሊትር የሚይዘው በርሜል የሁሉም ሰው መጀመሪያ ነው። ርካሽ ነው፣ በታክሲ ጣሪያ ላይ ተጭኖ ይመጣል፣ ቤት ስትቀይሩ ይዛችሁት ትሄዳላችሁ። ባለ 60 ካሬ ጣሪያ ቤት ላይ ከ4 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ዝናብ ይሞላዋል። ይኸውም ሰኔ ላይ ግማሽ ሰዓት ያልሞላ ዝናብ ሊሆን ይችላል።

ግን ለምን ያህል ቀን? 10 ካሬ ጓሮ በቀን 50 ሊትር ከጠጣ በርሜሉ በ4 ቀን ያልቃል። ሁለት በርሜል 8 ቀን ነው። ስለዚህ በርሜል በበጋ ጓሮ አያቆምም፤ ይህን አውቆ መግዛት ይበጃል። በርሜል በደንብ የሚሠራው በበልግና በክረምት መግቢያ ላይ ነው። ሚያዝያ ላይ ችግኝ አፍልታችሁ ዝናቡ ለአንድ ሳምንት ሲጠፋ፣ ወይም ግንቦት ላይ ቃሪያው አበባ ይዞ ፀሐይ ሲበረታ በርሜሉ ጓሮውን ያድናል። ለጤና አዳም፣ ለበሶብላ፣ በር ላይ ለተደረደሩ ጥቂት የአበባ ማሰሮዎች ደግሞ ከበቂ በላይ ነው።

አሮጌ በርሜል ስትገዙ ከዋጋው በፊት ምን ይዞ እንደነበር ጠይቁ። የምግብ ዘይት ወይም የመጠጥ ሽሮፕ የነበረበት ታጥቦ ያገለግላል። የፀረ ተባይ ወይም የኬሚካል በርሜል ግን በአጃክስ ቢታጠብም ለሚበላ አትክልት አይሆንም። ሻጩ በእርግጠኝነት መናገር ካልቻለ ተዉት። በብረት ፍርግርግ የታቀፈው ባለ 1,000 ሊትር ነጭ ፕላስቲክም እንዲሁ ነው። በሊትር ሲካፈል ብዙ ጊዜ ከበርሜል ይረክሳል፣ ጎኑ ላይ የተለጠፈው ጽሑፍ ግን መነበብ አለበት። ነጭ ስለሆነም ብርሃን ያስገባል፤ ብርሃን ካገኘ ውሃው አረንጓዴ ያወጣል። ጥቁር ቀለም መቀባት ወይም በጆንያ መሸፈን ያስፈልገዋል።

ሮቶ

የራሱ ግቢ ላለው ለአብዛኛው የከተማ ሰው እኔ የምመርጠው ይህን ነው። ከ500 ሊትር ጀምሮ እስከ 10,000 ይገኛል። ጥቁሩ ብርሃን አያስገባም፣ ክዳን አለው፣ መግቢያና መውጫው ለቧንቧ ሠራተኛ የታወቀ ነው። ጥላ ውስጥ ከተቀመጠ ለብዙ ዓመት ያገለግላል።

ስንት ሊትር? ከላይ ወዳየነው ሒሳብ ስንመለስ፣ 10 ካሬ የተጎዘጎዘ ጓሮ በበጋ 4,500 ሊትር ይፈልጋል። ባለ 5,000 ሮቶ ይህን ከሞላ ጎደል እስከ በልግ ያሻግራል ማለት ነው። ባለ 2,000 ከሆነ አንድ መደብ ብቻ አቆዩ፣ ሌላውን ኅዳር ላይ አሳርፉት። ሁለት መደብ በጥም ከማሰቃየት አንዱን አጥግቦ ማጠጣት ብዙ ቅጠል ያስገኛል። አቅሙ ያለው ሰው ሁለት መካከለኛ ሮቶ ቢያያይዝ ከአንድ ትልቅ ይሻለዋል። አንዱ ሲታጠብ ወይም ሲሰነጠቅ ሌላው ይቀራል፣ ጠባብ ግቢ ውስጥም ቦታ ለማግኘት ይቀላል።

ዋጋው ቶሎ ቶሎ ስለሚለዋወጥ እዚህ ብር አልጠቅስም። ሱቅ ስትገቡ ግን የየመጠኑን ዋጋ ለሊትሩ አካፍሉት። አንዳንዴ ባለ 2,000 እና ባለ 3,000 የሚለያዩት በጥቂት ብር ብቻ ሆኖ ይገኛል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው መቀመጫው ላይ ነው። 5,000 ሊትር ውሃ 5 ቶን ነው። ጎረቤቴ ቤት ያለው ሮቶ ቀጭን ብረት ተበይዶ ተሠርቶለት ከፍ ብሎ ተቀምጧል። ሰኔ ላይ አፈሩ ሲርስ የአንዱ እግር ሥር ሰመጠ፤ ሮቶው ወደ አጥር አዘንብሎ ሲሞላ ብረቱ ሲያቃስት ከእኛ ግቢ ይሰማል። ለመጠጥ ውሃ ግፊት ተብሎ ከፍ ይደረጋል እንጂ ለጓሮ ያን ያህል ከፍታ አያስፈልግም። 1 ሜትር ከፍታ የሚሰጠው ግፊት 0.1 ባር ብቻ ነው፤ ይህ ለባልዲ፣ ለማጠጫና ለቀላል ጠብታ መስኖ ይበቃል። በድንጋይ ወይም በብሎኬት የተሠራ፣ ውስጡ ጠጠር የተሞላ፣ ላዩ በሲሚንቶ የተስተካከለ ዝቅ ያለ መደብ ከማንኛውም ብረት ይሻላል። የመቅጃ ቧንቧው ባልዲ ከሥሩ እስኪገባ ድረስ ከፍ ካለ ይበቃል።

አንድ ነገር አደራ እላለሁ። የጣሪያ ውሃ የሚገባበትን ሮቶ ቤት ውስጥ ከሚገባው የቧንቧ ውሃ ሮቶ ጋር አታገናኙት። ጣሪያ ላይ ርግብ አለ፣ ድመት አለ፣ አቧራ አለ። ለጎመን ሥር ምንም አይደለም። ልጅ ለሚጠጣው ውሃ ግን አደጋ ነው።

መሬት ቆፍሮ መሥራት

ጉድጓድ ስፋቱ ያጓጓል። 2 ሜትር በ2 ሜትር ተኩል ተቆፍሮ 2 ሜትር ቢጠልቅ 10,000 ሊትር ይይዛል፣ ላዩ ተደፍኖ መኪና ማቆሚያ ወይም ልብስ ማስጫ ይሆናል። ውሃው ይቀዘቅዛል፣ አይተንም። በሶማሌ ክልል ያሉ አርብቶ አደሮች ቢርካ የሚሉት በሲሚንቶ የተለሰነ የመሬት ውስጥ ማጠራቀሚያ ሰውንም ከብትንም ደረቁን ወቅት ሲያሻግር የኖረ ነው። ስለዚህ ሐሳቡ ጠንካራ ነው። ጥያቄው የእናንተ መሬት ይሸከመዋል ወይ ነው።

በ1990ዎቹ አጋማሽ በመንግሥት ዘመቻ በአማራ፣ በትግራይና በሌሎችም ክልሎች በየገበሬው ጓሮ እጅግ ብዙ የውሃ ማጠራቀሚያ ጉድጓዶችና ኩሬዎች ተቆፍረው ነበር። በደንብ የሠሩ አሉ፣ ቲማቲምና ሽንኩርት ያበቀሉ፣ ቤተሰብ የጠቀሙ። ብዙዎቹ ግን ከአንድ ሁለት ክረምት በላይ አላገለገሉም። ምክንያቱ የታወቀ ነው። ሲሚንቶው ተሰንጥቆ ውሃው ሰረገ፣ ደለል ሞላው፣ ውሃውን ማውጫ መሣሪያ ሳይኖር በባልዲ መቅዳት ሰውን አሰለቸ፣ ያልተከደነው ደግሞ ለልጅና ለከብት አደጋ ሆነ። ዛሬ ጉድጓድ ለመሥራት የሚያስብ ሰው እነዚህን አራቱን ከጅምሩ መመለስ አለበት።

ከሁሉም የሚከፋው ስንጥቁ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ በተለይ ወደ ቦሌና አቃቂ ያለው ሰፊ ቦታ ጥቁር ዋልካ አፈር ነው። ዋልካ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይኮማተራል። ጥር ላይ ሜዳውን ብታዩት እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ አለው። አቃቂ አካባቢ ያየሁት አንድ ጉድጓድ ከማዕዘኑ ጀምሮ እስከ ወለሉ ድረስ ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ ነበረው። ባለቤቱ ልስኑን ደጋግሞ አስጠግኗል፤ አፈሩ ግን በየበጋው መልሶ ይከፍተዋል። ዋልካ ላይ ጉድጓድ መሥራት የሚቻለው ብረት ባለው ኮንክሪት ሲሆን ነው፤ ወጪው ደግሞ ለሁለት መደብ ጎመን አይመጥንም። ቀይ አፈር ወይም ለስላሳ ድንጋይ ከሆነ ነገሩ ይቀየራል።

እኔ ጉድጓድን የምመክረው ለሦስት ዓይነት ሰው ነው። አንደኛው አዲስ ቤት እየሠራ ያለ ሰው። ቆፋሪው፣ ብረቱ፣ ሲሚንቶው ግቢ ውስጥ እያለ መጨመሩ በኋላ ለብቻው ከማሠራት በብዙ ይቀላል። ሁለተኛው ጣሪያው ትልቅ የሆነ ተቋም፣ ትምህርት ቤት ወይም ቤተ ክርስቲያን። ሦስተኛው በገጠር ሰፋ ያለ ጓሮ ይዞ ለገበያ የሚያመርት ገበሬ። በእነዚህም ቢሆን ማውጫው አብሮ ይታሰብ። በገመድ የሚሠራው የእጅ ፓምፕ ቀላል ነው፣ ሲበላሽ መንደር ውስጥ ይጠገናል።

ኩሬ በጂኦሜምብሬን

ጥቁሩን ወፍራም ፕላስቲክ አንጥፎ ኩሬ መሥራት በገጠር ተለምዷል። በሊትር ሲታሰብ ርካሽ ነው። ስንጥቅ አያስፈራውም፣ ምክንያቱም ፕላስቲኩ ከአፈሩ ጋር ይታጠፋል።

ግን ክፍት ነው። በደጋ የበጋ ፀሐይና ነፋስ ከክፍት ውሃ ላይ በቀን ከ4 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ይወስዳል። በ150 ቀን ከ60 እስከ 75 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ሄደ ማለት ነው። ኩሬው 1 ሜትር ተኩል ቢጠልቅ ግማሽ ያህሉ ለሰማይ ነው። ጥላ ማድረግ፣ ላዩን በሸምበቆ ወይም በመረብ መሸፈን ይቀንሰዋል። ፕላስቲኩም በከብት ሰኮናና በአይጥ ይበሳል። ዳሩ ተዳፋት ስለሆነ የገባ ልጅ እየተንሸራተተ መውጣት ያቅተዋል፤ አጥር የሌለው ኩሬ መሠራት የለበትም። በከተማ ግቢ ውስጥ ልጆች እየሮጡ ባለበት ቦታ ይህን አማራጭ ጨርሶ አላስበውም።

አፈሩ

ይህን የመጨረሻ ያደረግሁት ሰው ሁሉ የሚረሳው ስለሆነ ነው። ለኔ ግን ከሁሉም የሚቀድመው ይህ ነው። ማንም ሰው ሮቶ ከመግዛቱ በፊት ይህን ቢሠራ ደስ ይለኛል።

በክረምት የሚዘንበው ውሃ መደቡ ውስጥ ከገባና እዚያው ከቆየ የመጀመሪያው ማጠራቀሚያችሁ እሱ ነው። ኮምፖስትና የበሰለ ፍግ በብዛት የገባበት፣ በጥልቀት የተቆፈረ አፈር ከደረቀና ከተጠቀጠቀ አፈር በጣም የሚበልጥ ውሃ ይይዛል። ነሐሴ መጨረሻ ላይ መደቡ እንደጠገበ፣ ፀሐይ ሳያገኘው፣ በደረቀ ሣር፣ በጤፍ ጭድ ወይም በሙዝ ቅጠል አራት ጣት ያህል ወፈር አድርጎ መጎዝጎዝ ነው። ታኅሣሥ ላይ ጉዝጓዙን በእጅ ገለጥ ብታደርጉት ከሥሩ አፈሩ ጥቁር፣ ቀዝቃዛና እርጥብ ሆኖ ታገኙታላችሁ፤ ትል ይሮጥበታል። አጠገቡ ባዶውን የቀረው መደብ ላዩ ነጥቶ ቅርፊት ሠርቷል፣ ውሃ ሲፈስበት እንኳ መጀመሪያ ይንሸራተታል እንጂ አይገባም።

ከላይ ያየነው የ3,000 ሊትር ልዩነት የመጣው ከዚህ ነው። ጭድ ከሮቶ ጋር በዋጋ አይወዳደርም።

ግቢያችሁ ተዳፋት ከሆነ ደግሞ ውሃውን አቁሙት። መደቡን ወደ ታች ሳይሆን ተዳፋቱን አቋርጦ ማስተኛት፣ በየመደቡ ታች ጠርዝ ላይ ድንጋይ ወይም ሣር ማድረግ። ኮንሶዎች ተራራውን በድንጋይ እርከን ያነጹት ይህንኑ አውቀው ነው፤ አፈሩንም ውሃውንም በአንድ ላይ ይዘውበታል። ዩኔስኮም መልክዓ ምድሩን እ.ኤ.አ. በ2011 በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። በትንሽ ጓሮ ውስጥ ሁለትና ሦስት እርከን ቢሠራ ልዩነቱ በአንድ ክረምት ይታያል። ሙዝ ወይም እንሰት ያለው ሰው ከግንዱ ራቅ አድርጎ ቦይ ቆፍሮ የአሸንዳውን ትርፍ ውሃ ወደዚያ ይምራው፤ እነዚህ ተክሎች ጥቅምትና ኅዳርን በዚያ ብቻ ያልፋሉ።

አፈሩ ብቻውን በጋውን ሙሉ ጎመን አያቆይም። ይህን ማጋነን አያስፈልግም። እስከ ጥቅምት መጨረሻ ያደርሳችኋል፤ ከዚያ በኋላ ሮቶው ይረከባል። ሁለቱ ሲደመሩ ነው በጋው የሚያልፈው።

ታዲያ ለማን የትኛው?

ተከራይ ከሆናችሁ ሁለት በርሜልና ጉዝጓዝ። ከዚያ በላይ አታውጡ፤ አሸንዳውም የአከራይ ነው፣ መጀመሪያ ተነጋገሩ።

የራሳችሁ ግቢ ካላችሁ አፈሩን አስተካክሉ፣ ከዚያ አቅማችሁ የፈቀደውን ከ2,000 እስከ 5,000 ሊትር ሮቶ። ጉድጓድ የሚታሰበው ግንባታ ላይ ካላችሁና አፈሩ ዋልካ ካልሆነ ነው።

ገጠር ሰፊ ማሳና ትልቅ ጓሮ ላለው ኩሬ ወይም ጉድጓድ፣ ከአጥርና ከማውጫ ጋር።

ኮንዶሚኒየም ላይ ላላችሁ ነገሩ በስምምነት ነው የሚሆነው። ጣሪያው የጋራ ነው፣ የአሸንዳው ቱቦ ግን ታች መሬት ላይ ይወርዳል። የሕንፃው ኮሚቴ ከፈቀደ ቱቦው ሥር አንድ የጋራ ሮቶ ማስቀመጥና በብሎኩ ዙሪያ ያለውን ባዶ ቦታ ማልማት ይቻላል። የኮንዶሚኒየም ጣሪያ ትልቅ ስለሆነ ሮቶው በጥቂት ዝናብ ይሞላል። ችግሩ ማን ያጥበዋል፣ ማን ያጠጣል የሚለው ነው፤ ይህ ሮቶው ከመገዛቱ በፊት ይለቅ።

በወንዝ ዳር የሚያለሙ ሰዎች ደግሞ «ውሃ አጠገባችን እያለ ለምን ዝናብ?» ይላሉ። የአቃቂና የገባሮቹ ወንዞች የፋብሪካና የመኖሪያ ቤት ፍሳሽ የሚገባባቸው ናቸው። ለልጅ የሚበላ ሰላጣ በዚያ ከማጠጣት ጥቂት መደብ በዝናብ ውሃ ማብቀል በጣም ይሻላል።

ትንኝ

በቆላና በወይና ደጋ ላላችሁ ይህ ከውሃው መጠን በላይ ያሳስበኛል። አኖፊለስ ስቴፈንሲ የምትባለው የወባ ትንኝ ከደቡብ እስያና ከዓረብ ልሳነ ምድር የመጣች ናት። በኢትዮጵያ መጀመሪያ የተገኘችው እ.ኤ.አ. በ2016 ቀብሪ ደሃር ላይ ነው። ከሌሎቹ የምትለየው በረግረግ ብቻ ሳይሆን ከተማ ውስጥ በበርሜል፣ በሮቶና በሲሚንቶ ገንዳ ውሃ ላይ በደንብ ስለምትራባ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 ድሬዳዋ ላይ የተነሳው የወባ ወረርሽኝ ከእሷ ጋር ተያይዟል። የደንጊ ትንኝም እንዲሁ የቤት ውስጥ ውሃ ትወዳለች።

ትንኝ ከእንቁላል ተነስታ እስክትበር ድረስ ብዙ ጊዜ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይፈጅባታል። ስለዚህ ክፍት በርሜል አይፈቀድም። ክዳኑ በደንብ ይገጠም፣ ውሃው የሚገባበት ቀዳዳና የትርፍ ውሃ መውጫው ሁለቱም በጥቃቅን የትንኝ መረብ ይታሰሩ። ሰው የሚረሳው የመውጫውን ነው። ክዳን የሌለው ከሆነ በየሳምንቱ ሙሉ በሙሉ ተገልብጦ ይታሸት፤ የደንጊ ትንኝ እንቁላል ግድግዳው ላይ ይጣበቃል።

አሸንዳውና አገጣጠሙ

ምንም ዓይነት ማጠራቀሚያ ብትመርጡ አሸንዳው ካልተስተካከለ ከንቱ ነው። በሜትር ከግማሽ እስከ 1 ሳንቲ ሜትር ወደ መውረጃው ያዘንብል። ባሕር ዛፍ ወይም ጥድ በአጠገቡ ካለ ቅጠሉ ቶሎ ይደፍነዋል፤ ወንፊት ይደረግበት። የሰኔ የመጀመሪያው ዝናብ የበጋውን አቧራና የወፍ ኩስ አጥቦ ስለሚያመጣ አይግባ። ለ60 ካሬ ጣሪያ ከ30 እስከ 60 ሊትር የሚሆነውን መጀመሪያ ወደ ውጭ ማስወገድ ይበቃል። ቀላሉ መንገድ ቱቦውን ከሮቶው ነቅሎ ወደ ሙዙ ማዞርና ውሃው ሲጠራ መመለስ ነው።

የትርፍ ውሃ መውጫው ከመግቢያው ቱቦ ባነሰ ስፋት አይሠራ። ሮቶው ሐምሌ ገና ሳይጋመስ ይሞላል፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ሁሉ በዚያ ነው የሚወጣው። ከቤቱ መሠረት ቢያንስ 3 ሜትር አርቁት፣ ዋልካ ላይ ከሆናችሁ ደግሞ ከዚያም በላይ። ወደ ጎረቤት አጥር አትልቀቁት።

የመቅጃ ቧንቧው ከሮቶው ወለል 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ይበል፣ ደለሉ ከሥር እንዲቀር። ለማጠብ የሚያገለግል ሌላ መክፈቻ ደግሞ ከታች ይኑር። ማጠቢያው ጊዜ ግንቦት ነው፤ በዚያን ጊዜ ሮቶው ባዶ ሊሆን ይቃረባል፣ አሸንዳውም ከክረምቱ በፊት ይጸዳል።

በክረምት ውስጥ ሮቶውን አትቆጥቡት። ሐምሌ ላይ ለማጠቢያ፣ ለመኪና፣ ለግቢ ተጠቀሙበት፤ ነገ ይሞላል። ቁጠባው የሚጀምረው ጳጉሜን ላይ ነው። መስከረም የመጨረሻው ዝናብ ሲያበቃ ሮቶው አፉ ድረስ ሞልቶ መገኘት አለበት፤ ከዚያ በኋላ እስከ በልግ የሚመጣ ሌላ ውሃ የለም ብላችሁ አስቡ።

አጠጣጡም ቀኑን ያረዝመዋል። ማለዳ ወይም አመሻሽ ላይ፣ ከሥሩ ብቻ። በየቀኑ ላዩን ከማርጠብ በሁለት ቀን አንዴ አጥግቦ ማጠጣት ይሻላል፤ ሥሩ ወደ ታች ይወርዳል። ጥሬውን የሚበላውን ሰላጣና በሶብላ ቅጠሉ ላይ አታፍስሱበት፣ ከጣሪያ የመጣ ውሃ ነውና። ለመብላት ስትቀጥፉት በንጹሕ ውሃ ይታጠብ።